ሆደ ሰፊዋ የመጠለያ ድመት፦ እርጋታዋ ከየት መጣ? እኛስ ምን እየጠየቅናት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2015 የአንድ ጥቁር ድመት ፎቶዎች ከፖላንዷ ቢድጎሽች ከተማ ተነሥተው ዓለምን አዳረሱ። ስሙ ራዴሜኔስ ይባላል። በግልገልነቱ የመተንፈሻ አካሉ ክፉኛ ታሞ ወደ እንስሳት መጠለያው ሲመጣ የሚተርፍ አይመስልም ነበር፤ ሐኪሟ ግን ተስፋ ሳትቆርጥ አክማ አዳነችው። ከዳነ በኋላ እዚያው ቀረ። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ውሾችና ድመቶች ይጠጋ፣ አጠገባቸው ይተኛ፣ የፊት እግሩን አንገታቸው ላይ ጣል ያደርግ፣ ጆሯቸውን ይልስ ነበር። ጋዜጦች «ነርሱ ድመት» አሉት።

ፎቶዎቹን ያየ ሰው ሆዱ ቢባባ አይፈረድበትም፤ የኔም ባብቷል። እንደ ራዴሜኔስ ያሉ ድመቶች ደግሞ ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም የብዙ መጠለያዎች መለያ ሆነዋል። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ይተኛሉ፣ ውሻ ሲጮኽ ቀና ብለው እንኳ አያዩም፣ ልጆች ሲያገላብጧቸው ይታገሣሉ። ቪዲዮዎቻቸው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ለመጠለያውም ወዳጅና ገንዘብ ያመጣሉ። እንዲህ ያለች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ተብላ የመጣች አይደለችም። ወይ አርጅታ፣ ወይ አንድ እግሯን አጥታ፣ ወይ የድመቶችን የበሽታ መከላከል ኃይል የሚያዳክመው ቫይረስ በደሟ ተገኝቶ፣ ወይ ደግሞ የወሰዷት ሰዎች መልሰው አምጥተዋት ነው የቀረችው። ሠራተኞቹ ለመዷት፣ እሷም ለመደቻቸው፣ ስሟ ከሚወሰዱት ዝርዝር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የሚጠይቅ ሰው ያንሳል። ለሌሎቹ ድመቶች በየሳምንቱ ጤናቸው፣ ጠባያቸው፣ የሚወስዳቸው ሰው ይመረመራል። ቋሚዋ ነዋሪ ግን «እሷማ ደህና ናት» ተብላ ትታለፋለች። በኔ እምነት ትልቁ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እርጋታ በድመት ላይ ለማንበብ እጅግ የሚያስቸግር ነገር ነው፤ የምር የተረጋጋች ድመትና ተስፋ ቆርጣ ዝም ያለች ድመት ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ውሎዋን ከንጋት እንጀምር። ድመት በተፈጥሮዋ የጎሕና የማታ እንስሳ ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ነቅታ ትዞራለች። የዱር ቅድመ አያቷ የአፍሪካ የዱር ድመት አይጥና ወፍ የምታድነው በዚያ ሰዓት ነበርና ሰውነቷ አሁንም ያንኑ ሰዓት ይጠብቃል። በቀንና ሌሊት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት የምትተኛውም ስለ ሰነፈች አይደለም፤ አድኖ የሚበላ ትንሽ እንስሳ ጉልበቱን ለአጭር ሩጫ የሚያጠራቅምበት መንገድ ነው። ስለዚህ «ቀኑን ሙሉ ትተኛለች» የሚለው የጎብኚ ወሬ በራሱ ጥሩም መጥፎም ዜና አይሆንም። የት ተኛች? እንዴት ሆና ተኛች? ማን ሲመጣ ነቃች? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በር ይከፈታል፤ መጠለያው በአንድ አፍታ ይናወጣል። ውሾቹ የቁልፍና የሳህን ድምፅ ሲሰሙ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይጮኻሉ። በውሻ ማደሪያ ውስጥ ጩኸቱ ከ100 ዴሲቤል ማለፉ የተለመደ ነው፤ ይህ ሰው ያለ ጆሮ መከላከያ ብዙ ሊቆይበት የማይገባ መጠን ነው። ድመት ደግሞ ከሰው እጅግ የሰላ ጆሮ አላት። ለአይጥ ድምፅ የተሠራ ጆሮ ይህን በየጠዋቱ መሸከም አለበት። ልምድ ያላት ነዋሪ ድመት ሰዓቱን ታውቀዋለች፤ ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ትይዛለች፤ የመደርደሪያ አናት፣ የመስኮት ጠርዝ፣ የቢሮ ቁም ሣጥን። ከፍታ ለድመት መሸሸጊያም መቃኛም ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ያላት ድመትና ወለል ላይ ብቻ የምትኖር ድመት ስለ መጠለያው የሚኖራቸው ስሜት በጭራሽ አንድ አይሆንም።

ቀጥሎ ጽዳት ይመጣል፤ ስለ መጠለያ ሲወራ ቸል ከሚባሉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ድመት ጉንጯን በጠረጴዛ እግርና በበር ጠርዝ ላይ የምታሻሸው ስላሳከካት አይደለም። ከጉንጯና ከአገጯ የሚወጣውን ሽታዋን እያኖረች ነው፤ ነገ በዚያ ስታልፍ ሽታው «ይህ ያንቺ ቦታ ነው፣ እዚህ ክፉ ነገር አልገጠመሽም» ይላታል። ሁሉን ነገር በየቀኑ በበረኪና የሚያጥብ መጠለያ ይህን ማስታወሻ በየቀኑ ይደመስስባታል። ስለዚህ ነው የመጠለያ እንስሳት ሐኪሞች ጤነኛ ድመት ለቆየችበት ቦታ የቆሸሸውን ብቻ ለይቶ ማጽዳትን የሚመክሩት፦ አንሶላዋ ካልቆሸሸ ይቆይ፣ የአሸዋ ሳህኗ ይጠረግ፣ እሷም ሳትነሣ ሥራው ይለቅ። ከአደገኛ ተላላፊ በሽታ ጋር የተነካካ ክፍል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ጽዳቱን ማን እንደሚሠራም ለውጥ ያመጣል። በየቀኑ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል ሲመጣ ድመቷ ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች። ለድመት የሚቀጥለውን ማወቅ ከምግብ አያንስም።

ምግቡንም ካነሣን ድመት ለራሷ ብትተው ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እየቆነጠረች ብዙ ጊዜ የምትበላ እንስሳ ናት። ጠዋትና ማታ ሁለት ትልልቅ ሳህን ማቅረብ ለሠራተኛ ይቀላል እንጂ ለእሷ ልማዷ አይደለም። ሳህኗም ከአሸዋዋ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። በጠባብ የብረት ሣጥን ውስጥ ይህን ማሟላት አይቻልም፤ ሣጥኖቹ ራሳቸው ችግር መሆናቸው የታወቀውም እንዲህ ባሉ ቀላል ልኬቶች ነው። የአሜሪካ የመጠለያ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና በ2022 ያደሰው መመሪያ በጋራ ክፍል ለሚኖሩ ድመቶች ለእያንዳንዷ 1.7 ካሬ ሜትር ገደማ ወለል እንዲኖር ይጠይቃል። ቋሚ ነዋሪዋ ቢሮውን ሁሉ የራሷ ስላደረገች ከዚህ አንጻር ዕድለኛ ናት።

ረፋዱ ላይ አዲስ እንስሳት ይገባሉ። ሰዎች በካርቶን፣ በቅርጫት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጣሉ። ነዋሪዋ ጠረጴዛው ላይ ሆና ታያለች፤ አንዳንዷ ወርዳ ታሸታለች። ከሰዓት በኋላ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ሌሎቹ ድመቶች ከመጋረጃቸው ጀርባ ሲደበቁ እሷ ብቻ ፊት ለፊት ትገኛለች፤ ስለዚህ የሁሉም እጅ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ድመት በጉንጯ፣ በአገጯና በጆሮዋ ሥር መዳሰስ ትወዳለች፤ ሆዷንና የጭራዋን ሥር መነካት ግን አብዛኞቹ አይፈልጉም፤ ጎብኚ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጁን የሚሰድደው ወደ ሆዷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ሰው ዓይኑን ቀስ አድርጎ ሲጨፍንና ሲከፍት ድመቶችም መልሰው እንደሚያደርጉት፣ እንዲህ ያደረገላቸውን የማያውቁትን ሰው ለመቅረብም እንደሚፈቅዱ አሳይቷል። በየመጠለያው መግቢያ ላይ «እባክዎ አይንኩ» ከሚል ወረቀት ይልቅ ይህን አንድ ነገር ለጎብኚ ማስተማር ይበጅ ነበር።

ማታ መብራት ሲጠፋ ሰው ይሄዳል። በብዙ መጠለያዎች ሌሊት የሚያድር ሠራተኛ የለም። ቀኑን ሙሉ የሁሉም የሆነች ድመት ከ12 ሰዓት በላይ ብቻዋን ትቀራለች፤ ይህ የውሎዋ ክፍል በየትኛውም ቪዲዮ ላይ አይታይም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ አንዷ ድመት ይህን ሁሉ ተሸክማ ዘና ስትል ሌላዋ ለምን በአንድ ቀን ትሰበራለች?

መልሱ በአብዛኛው ወደ መጠለያው ከመግባቷ በፊት የተጻፈ ነው። በፊላደልፊያው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ አይሊን ካርሽ በ1980ዎቹ ባደረገችው ምርምር ግልገል ድመት ሰውን የምትለምድበት መስኮት ከተወለደች በሁለተኛውና በሰባተኛው ሳምንት መካከል ክፍት እንደሆነ አረጋገጠች። በእነዚያ አምስት ሳምንታት የሰው እጅ ያቀፋት ግልገል ዕድሜ ልኳን ሰውን ትቀርባለች፤ ብዙ በታቀፈች ቁጥርም ይበልጥ ትቀርባለች። መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ በጎዳና የተገኘች ድመት ልትመግባት፣ ልታክማት ትችላለህ፤ የጭን ድመት የማድረግህ ነገር ግን ያጠራጥራል። «ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው የአባቶች አባባል ለአይጥ አደን ተብሎ የተነገረ ቢሆንም ለሰባቱ ሳምንታትም ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያት አባቷ ነው። ሳንድራ ማኩን እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመችው ጥናት ከሰው ጋር የሚግባባ አባት የወለዳቸው ግልገሎች ከሰው ከሚሸሽ አባት ከተወለዱት ይልቅ ደፋር እንደሆኑ አሳይቷል። ወንድ ድመት ልጆቹን አያሳድግም፤ ስለዚህ ይህ ድፍረት በትምህርት ሳይሆን በደም የመጣ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ድፍረቱ ለሰው ብቻ አለመሆኑ ነው፤ እነዚህ ግልገሎች የማያውቁት ዕቃ ፊታቸው ሲቀመጥም ቶሎ ይጠጉታል። እንግዲህ የመጠለያውን ጋሪ፣ የውሻውን ጩኸት፣ የማታውቀውን ልጅ የምትታገሥ ሆደ ሰፊ ድመት ፊቷን አይታው ከማታውቀው አባቷ የወረሰችውን ይዛ ነው የመጣችው። ይህን ካወቅን በኋላ ከጓዳዋ አልወጣ ያለችውን ጎረቤቷን «ክፉ» ማለት አንችልም። ያኔ ዕድሉን አላገኘችም፤ በቃ።

ሦስተኛው ቦታውና ጊዜው ነው። ኬስለርና ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ለሁለት ሳምንት ከቤታቸው ውጭ የቆዩ 140 ድመቶችን ተከታትለዋል። የድመትን ጭንቀት ከ1 እስከ 7 በሚወጣ ልኬት መዘኑ፤ 1 ፍጹም ዘና ያለች፣ 7 ደግሞ በፍርሃት የደነዘዘች ናት። ጭንቀቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት ወረደ፣ ከዚያም ቀስ እያለ ቀነሰ። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ በሁለት ሳምንት ቦታውን ለመዱ። ከመቶ አራት የሚሆኑት ግን እስከ መጨረሻው ከባድ ጭንቀት ውስጥ ቆዩ። እነዚህን ጥቂቶች ጊዜ ብቻውን አያድናቸውም።

ከዚሁ ልኬት ጋር የሚያያዝ፣ ሁሉም የመጠለያ ወዳጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በጣም የፈራች ድመት ሁልጊዜ አትፏጭም፣ አትቧጭርም። ብዙ ጊዜ የምታደርገው የተኛች መምሰል ነው። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትጨማተራለች፣ አትንቀሳቀስም። ሲያልፍ የሚያያት ሰው «እንዴት ደስ ትላለች፣ ተኝታለች» ይላል። በእውነት የተኛች ድመት ግን ትዘረጋለች፤ ጎኗን ወይ ሆዷን ታሳያለች፤ መዳፎቿ ይላላሉ። የተኛች መስላ የፈራችው አራቱንም እግሮቿን ከሥሯ ሰብስባ፣ ክብደቷን በመዳፎቿ ላይ ጥላ፣ ለመፈትለክ ተዘጋጅታ ትቆያለች፤ ጆሮዎቿም ወደ ጎን ይዘመማሉ። ቀን አትበላም፤ ሌሊት ብቻ ትበላለች፤ ፀጉሯን መላስ ትተዋለች። ነዋሪ የተባለች ድመት አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆና «ጨዋ ናት» ስትባል ማየት ልብ ይሰብራል።

መፍትሔው ደግሞ የሚያስቀና ያህል ርካሽ ነው። የኔዘርላንድስ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት አዲስ ወደ መጠለያ ከገቡ 19 ድመቶች ለገሚሶቹ የሚደበቁበት ሣጥን ሰጡ፣ ለገሚሶቹ ከለከሉ። ሣጥን ያገኙት በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጭንቀታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። ባዶ ካርቶን ማግኘት የማይችል መጠለያ የለም። ዘመኑን ሙሉ «ድመቷ እንድትታይ» እያልን መደበቂያዋን ስናነሣ የነበረው እኛ ነን፤ ለመደበቅ የምትችል ድመት ቶሎ ትወጣለች፣ መደበቂያ ያጣችው ግን ከፊታችን ቁጭ ብላ እየጠፋች ትሄዳለች። ይህ ነገር ለሆደ ሰፊዋም ይሠራል። ዘና ያለችው ሁሉም ነገር ስለ ተስማማት ብቻ አይደለም፤ ሲበዛባት ተነሥታ የምትሄድበት ስላላት ነው። ያን በር ከዘጋንባት የቀረው እርጋታ ለእኛ እንጂ ለእሷ አይደለም።

አሁን ወደ «ነርሱ» እንመለስ። ራዴሜኔስ የታመመውን ለምን አቀፈ? የሰው ልብ አንዱን መልስ ብቻ ይፈልጋል፤ ራርቶ። ርኅራኄ አልነበረም ብዬ አልከራከርም፤ ድመት የምትወደውን ሌላ እንስሳ ትልሳለች፣ ተጠግታ ትተኛለች፣ ይህ የዝምድናዋ ቋንቋ ነው። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። ድመት ሰውነቷን ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም ጉልበት ሳታወጣ የምትቆይበት የሙቀት መጠን ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለእኛ የሚመቸን 22 ዲግሪ ክፍል ለእሷ ብርድ ነው። በአገራችን ምድጃ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ድመቷ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለብ ባለው አመድ ዳር ተጠቅልላ ስትተኛ ያየው ለዚህ ነው። በክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ከቀዶ ጥገና የወጣ እንስሳ በብርድ ልብስና በማሞቂያ ተከብቦ ይተኛል፤ አይሮጥም፣ አይጮኽም፣ አያባርራትም። ለድመት ከዚህ የተሻለ ጎረቤት የለም። ሙቀት ፍለጋው ፍቅሩን አያረክሰውም፤ ሰውም ቢሆን የሚወደውን ሲያቅፍ ይሞቃል።

ከጉሮሮዋ የሚወጣውን ያን እንጉርጉሮም በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። በሴኮንድ ከ25 እስከ 150 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። ደስ ያላት ድመት ታንጎራጉራለች፤ ግን የምትወልድም፣ የታመመችም፣ አልፎ አልፎ በሞት አፋፍ ያለችም ታንጎራጉራለች። «ስታንጎራጉር ነበር እኮ፣ ምንም አልሆነችም» ብሎ ሕመሟን ያለፈ ሰው ብዙ ነው።

የመጠለያ ሐኪም ደግሞ የዚያን ፎቶ ሌላ ገጽ ያያል። ከታመመ ወደ ታመመ እየዞረ የሚያቅፍ ድመት ተላላፊ በሽታንም ይዞ ይዞራል። በድመት መጠለያ ውስጥ ዋናው ሕመም የመተንፈሻ አካል ነው፤ የሚያመጡትም በአብዛኛው የድመት ሄርፐስና የድመት ካሊሲ የተባሉ ቫይረሶች ናቸው። ሄርፐሱ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ በነርቮቿ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ስትጨነቅ እንደገና ይነሣል። ከእነዚህ የሚብሰው የድመቶች ፓንሉኮፔኒያ የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ ግልገሎችን በቀናት ውስጥ የሚጨርስ ነው፣ ቫይረሱም ወለልና ዕቃ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ አልኮልም አይገድለውም። እንደ ጭርት ያለው የቆዳ በሽታ ደግሞ ከድመት ወደ ሰው ልጅም ይተላለፋል። ስለዚህ የዛሬ መጠለያ ቋሚ ድመቱን የትም እንድትዞር ሊፈቅድ አይችልም። አዲስ የገቡ እንስሳት የሚቆዩበት ክፍልና የሕሙማን ክፍል ለእሷ ዝግ መሆን አለበት። የሚያሳዝን ይመስላል፤ ነገር ግን የምትወዳቸውን ግልገሎች የምትገድል ወይም ራሷ የምትያዝ ድመት ከማየት ይሻላል።

ለነዋሪ ድመት የሚሰጧት ሥራዎች ሌላው ጉዳይ ነው። ብዙ ቦታ «ይህ ውሻ ድመት ካለበት ቤት ይሄዳል ወይ?» የሚለውን ለማወቅ ውሻውን በገመድ ይዘው ወደ እሷ ያመጡታል። የማትሮጠው፣ የማትፏጨው እሷ ስለሆነች ትመረጣለች። በግልጽ ልናገር፤ ይህ መቆም አለበት። በፈተናው ሃያ ውሾች በሰላም ቢያልፉ ሃያ አንደኛው ሊዘነጥላት ይችላል፤ ባይዘነጥላትም በገዛ ቤቷ ውስጥ የማታውቀው አዳኝ በየጊዜው ፊቷ ይቀርባል። ሳይንሱም ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከዚህ በፊት ድመት ወይም ሌላ ትንሽ እንስሳ የጎዱ ውሾች የድመት ድምፅ ቅጂ ሲሰሙ ትኩረታቸው እንዲህ አድርገው ከማያውቁት ውሾች ይልቅ ረዘም ብሎ እንደሚቆይ አግኝቷል። ማንንም አደጋ ላይ ሳይጥሉ መጀመር ይቻላል ማለት ነው።

ደም መስጠትም አለ። ድመቶች ኤ፣ ቢ እና ኤቢ የተባሉ የደም ዓይነቶች አሏቸው፤ ለሁሉም የሚሆን ደም የላቸውም። ቢ ለሆነች ድመት የኤ ደም ቢሰጣት ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ በክሊኒክ ያለች፣ ትልቅና ጤነኛ፣ ዓይነቷ የታወቀ ድመት ነፍስ ታድናለች፤ ለመቅዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዝ ያስፈልጋል። ይህን አልቃወምም። ግን መጠኑ፣ ጊዜውና ማቆሚያ ዕድሜው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ሁሌም እጅ አጠገብ ስላለች ብቻ በተፈለገ ቁጥር የምትጠራ መሆን የለባትም።

ሌላው ክርክር የቦታ ነው። ኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ባወጣው ግምት በ2024 ወደ አገሪቱ መጠለያዎች 5.8 ሚሊዮን ያህል ውሾችና ድመቶች ገብተዋል፤ 4.2 ሚሊዮን ያህሉ ቤት አግኝተዋል፤ 607,000 ያህሉ ደግሞ ተገድለዋል። እንዲህ ባለ ጥበት ውስጥ አንድ የቋሚ ድመት ቦታ የሌላዋን ሕይወት አይነፍግም ወይ? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሰዎች በቅን ልብ ይለያዩበታል። የኔ መልስ በሁለት ይከፈላል። ድመቷ በሣጥን ውስጥ የምትኖር ከሆነ አዎ፤ ሣጥን የማለፊያ ቦታ እንጂ መኖሪያ አይደለም፣ እሷንም ሌላዋንም ይጎዳል። በቢሮ የምትኖር፣ የራሷ ጥግ ያላት፣ የሣጥን ቁጥር የማትነካ ከሆነ ግን የማንንም ቦታ አልወሰደችም። ከዚያም በፊት አንድ ጥያቄ ሊቀድም ይገባል፤ ሆደ ሰፊ ድመት ለማንኛውም ቤት የምትመች ናትና ለምን ወደ ቤት አትሄድም? ከለንደኑ ባተርሲ መጠለያ በ2011 ወጥቶ ወደ እንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤት የገባው ላሪ ከዴቪድ ካሜሮን እስከ ኪር ስታርመር ከስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጋር እዚያው ቤት ኖሯል። ካሜራና ግርግር የሚችል ድመት ስለነበረ ጠባዩ ቤቱን አገኘ እንጂ መጠለያው ለራሱ አላስቀረውም። ሠራተኞቹ የሚወዷት መሆኑ ብቻ እዚያ ለማስቀረት በቂ ምክንያት አይደለም።

ወጥተው የማይሄዱትስ? ለእነሱ ጥሩ ምሳሌ ሮም አላት። ዩልየስ ቄሳር በተገደለበት ሥፍራ፣ ቶሬ አርጀንቲና በተባለው የጥንት ቤተ መቅደሶች ፍርስራሽ ውስጥ ድመቶች ይኖራሉ፤ በጎ ፈቃደኞች ያክሟቸዋል፣ እንዳይዋለዱ ያመክኗቸዋል፣ ይመግቧቸዋል። የጣልያን የ1991 ሕግ ቁጥር 281 በነፃ የሚኖሩ ድመቶችን ማንገላታት ይከለክላል፣ ከመከኑ በኋላም ወደ መንጋቸው እንዲመለሱ ያዛል። ዓይን የሌላቸውና አካለ ጎደሎዎቹ እዚያው ይቀራሉ፤ ለእነሱ ከሩቅ ሆነው ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ሰዎች አሉ። ዓይነ ስውሯ ድመት የራሷ ባለ ወጪ ሲኖራት ከሌሎቹ በጀት አትነጥቅም። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት የሚኖሩ ወገኖቼ የቤት ኪራይ ውላቸው እንስሳ የማይፈቅድ ከሆነ በሰፈራቸው መጠለያ እንዲህ ያለ መንገድ ይኖር እንደሆነ ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ቤት ያላቸውና ድመት ለመውሰድ የሚሄዱት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ካለችው አልፈው መጋረጃ ጀርባ ያለችውን ለማየት ግማሽ ሰዓት ቢቀመጡ፣ ቤት ስትገባ ሌላ ድመት የምትሆነውን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት እዚያ ነው።

በመጨረሻ እርጅና አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የኤክስሬይ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ ከሆናቸው ድመቶች 90 ከመቶው የመገጣጠሚያ መጎዳት እንዳለባቸው አሳይቷል። የኩላሊት ድካምም በአረጁ ድመቶች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። የመጠለያዋ ነዋሪ ከመደርደሪያው አናት መውጣት ትታ ወለሉ ላይ መተኛት ስትጀምር፣ ልጆች ሲነኳት ከበፊቱ ይልቅ ዝም ስትል ሠራተኞቹ «ይበልጥ ጨዋ ሆነች» ይላሉ። ያኔ ነው ወደ ሐኪም መውሰድ፤ ክብደቷን በየወሩ መመዘን፣ ከስድስት ወር ወደ ስድስት ወር ደሟንና ሽንቷን ማስመርመር፣ ለመደርደሪያው መወጣጫ መሥራት፣ የአሸዋ ሳህኑን ጠርዝ ዝቅ ማድረግ፣ የጎብኚ እጅ ከእሷ እንዲርቅ ማድረግ፤ ከተቻለም ከሠራተኞቹ ወይም ከበጎ ፈቃደኞቹ በአንዱ ቤት፣ ሌሊት ሰው ባለበት፣ የመጨረሻ ዓመቶቿን እንድታሳልፍ አስቀድሞ ስም ለይቶ መያዝ።